የቤት ቁጥር፦ አዲስ

«የቤት ቁጥር?» አለኝ የቀበሌው ልጅ፣
መታወቂያ ላሳድስ ቆሜ ከሱ ደጅ።
ታርጋውን ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣
ያመመኝ መስሎት ነው ወንበር የሳበልኝ።
«የመኪና አይደለም፣ አባባ፣ የቤትዎን።»
«እሱን ነው ያልኩህ፤ ጻፍ አሁን ቁጥሩን።»
አልጻፈም። ባዶው ላይ አንድ ቃል ሞነጨረ፤
«አዲስ» የሚል ቃል ነው እዚያ ላይ የቀረ።

አዲስ!
እንኳን አዲስ ልትሆን፣ ቅጥቅጥ ናት፣ ያረጀች፣
ሁለት ጌታ ቀብራ ለኛ የተረፈች።

ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ ይዤ ስሮጥ፣
እንግዳወርቅ እቤት መጋረጃ ስትገልጥ፣
አገሩን የምታውቅ በፌስታል ነበረ፤
ቆሎ ከደብረ ሲና፣ በሱፍ የከበረ፣
ሽንኩርት ከሸዋ ሮቢት፣ አፈር ያልረገፈው፣
አንድ ባና ከመንዝ፣ በግ በግ የሚሸተው።
«ጅሩስ ምን ይመስላል?» ትለኛለች ማታ፣
«ሜዳ ነው» እላለሁ፣ እተኛለሁ ባፍታ።

ጡረታ ስወጣ ልቤ የተመኘው
ፀሐይ ላይ ወንበር ነው፣ አጥር ጥግ የሚገኘው።
እሷ ግን ዕቁቧን ቆጥራ ጨርሳ፣
ቤቱን ለጥላዬ በቁሟ አውርሳ፣
ጋራዥ ወሰደችኝ ጋቢዬን ጎትታ፣
ቅጥቅጧን አሳየች፣ ወንበሯን አስፈትታ።
«ተራው የኔ ነው» አለች፤ ሌላ አላብራራችም፤
ሚስቴ ድሮም ቢሆን ቃል አታባክንም።

እድሩ ተሳለቀ፤ «ሲሞቱስ፣ በምናቸው?
ድንኳን የት ሊተከል? የትኛው ነው ደጃቸው?»
«አትድከሙ» አለች፣ «እኛው እንመጣለን፣
ቤተ ክርስቲያኑ በር ቤቱን እናቆማለን።»

ታርማ በር ላይ ስናድር፣ ጉሙ መስኮት ሲልስ፣
ጭላዳ በማለዳ ጣሪያ ላይ ሲያተራምስ፣
ቡታጋዝ ላይ ሽሮ፣ ከጎማ ሥር ታኮ፤
ትልቅ ቤት ምን ሊሆን? ይበቃ ኖሯል እኮ!
ውርጭ ሲጠናብን ከሰል መግዛት ትተን፣
ዋሻውን አቋርጠን፣ ፍሬን እየያዝን፣
ቤቱን ከነድስቱ ቆላ እናወርዳለን፤
ሮቢት ላይ ትንኙ ሲነክስ፣ ሲያማርረን፣
ባዘለን ቤታችን ዳገት እንወጣለን።
ሰኞ በራችን ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ፣
ሐሙስ ግራር ይሆናል፣ እሑድ ገደል አፋፍ።
ሽንኩርት ሻጩ ሮቢት ፌስታል ቢያወጣ፣
«ይቅር» አለች፤ ሽንኩርቱ በነጠላዋ መጣ።

መዋሸት አልወድም። ውሃ ያልቃል። ባትሪ ይሞታል።
ክረምት ላይ አልጋችን በአንድ በኩል ይረጥባል።
ወገቤ ይጮኻል ከጥሩምባው በላይ፣
ትራፊክ ያስቆማል፣ «ስንት ሰው ጫናችሁ?» ባይ።
«ሁለት» ትለዋለች፣ «ሁለቱም የከፈሉ»፤
ይታያሉ ያኔ ጥርሶቹ በሙሉ።
ደነባ ላይ አንድ ሌሊት በማይረባ ተጣላን፤
ተኳርፎ መግቢያ እንኳ ሌላ ክፍል የለን፣
ጀርባ ለጀርባ ሆነን
ዝናም ስንቆጥር ነጋብን።

ግን ያ የጅሩ ሜዳ!
ስንዴው ታጭዶ ሲያልቅ፣ ጥቁር አፈር ሲሰነጠቅ፣
«ቁልፉን» አለች አንድ ቀን፣ ሳትስቅ፣ ሳትሳቀቅ።
ስልሳ ሁለት ዓመት ማርሽ ያልነካ ጣት፤
ፍሪሲዮን ለቀቀች፣ ሦስቴ ጠፋባት።
በአራተኛው ግን፣ በዚያ ቃርሚያ ላይ፣
ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች፤ አቧራው ወደ ሰማይ።
አስፋልቱ የኔ ነው፤ ሕግ አለ፣ ሰው አለ፤
ሜዳው ግን የሷ ነው፣ አድማሱ እስከቻለ።

እኔ ከኋላ ነኝ፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣
ድስቱ እንዳይደፋ በሁለት እጄ ጨብጬ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከጀርባዬ የሰማሁት
ያ ቃል ትዝ አለኝና ጮክ ብዬ አልኩት፦
«ወራጅ አለ!»

በመስታወት አየችኝ፣ አንዴ ብቻ፣ ባጭሩ፤
«ፌርማታ እዚህ የለም፤ ገና ነው አገሩ።»